ስክሪኑ ጠፍቶ ባትሪ የሚበላው ማነው? ስለ ሴንሰር ድራይቨርና ሰስፔንድ የተካሄደ ረጅም ክር

ሰሞኑን ስለ ስልክ ሴንሰሮችና ስለ ሰስፔንድ፣ ማለትም ስልኩ ሳይጠፋ ስለሚተኛበት ሁኔታ፣ የተከፈተ አንድ የውይይት ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። 33 መልሶች አሉት። ድራይቨር (አንድን መሣሪያ ከስልኩ ሥርዓት ጋር የሚያገናኝ ኮድ) ለሚጽፍ ሰው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ስልኩን ሳይነካው አድሮ ባትሪው ለሚያልቅበት ሁሉ ይጠቅማል። ግን ረጅም ነው፤ መሃል ላይም ወደ ጠብ ይገባል። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ ቃል ልተርክላችሁ።

ክሩን የከፈተው ልጅ አንድ አሮጌ የአንድሮይድ ስልክ ላይ አዲስ ከርነል (የሥርዓቱን እምብርት) ለመጫን የሚታገል ነው። ችግሩን በደንብ አስረድቷል። ማታ ስልኩን ከቻርጀር ይነቅላል። ሲም የለበትም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝም ጠፍተዋል። ስክሪኑን አጥፍቶ ይተኛል። 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲያየው ከባትሪው ሲሶው የለም። ስልኩ ውስጥ ያለው ሴንሰር ኤምፒዩ-6050 ነው፤ አክሰለሮሜትርና ጋይሮስኮፕን በአንድ ላይ የያዘ ቺፕ። ልጁ ጠዋት የቺፑን ሬጅስተሮች፣ ማለትም ቅንብሩ የሚጻፍባቸውን ትንንሽ የማስታወሻ ቦታዎች፣ አነበበ። ሬጅስተር 107 ላይ ያለው የእንቅልፍ ቢት ዜሮ ሆኖ አገኘው። ሴንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቶ አንድ ሕግ አወጣ። ማንኛውም የሴንሰር ድራይቨር ሰስፔንድ ሲመጣ ሴንሰሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አለበት፤ ከዚህ ነፃ የሚሆን ሴንሰር የለም አለ። ይህን ሳያደርግ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ሥራውን አያውቅም ብሎም ጨመረበት። ኋላ ላይ ነገር ያመጣችው ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሶች ቶሎ ያልፋሉ። 1ኛው በትህትና ሰላም ብሎ የከርነሉን ቁጥርና የሎግ ፋይሉን ጠየቀ። 2ኛው አዲስ ስልክ ግዛ ብሎ ሄደ። 3ኛው ከልጁ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማ። የእሱም ስልክ እንዲሁ እንደሚያደርገው ተናገረ፤ ግን ምንም ማስረጃ አላመጣም።

4ኛዋ መልስ ሰጪ ግን ነገሩን ገለበጠችው። ቦርድ ላይ የምትሠራ ሰው መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ልጁን በአክብሮት አመስግና ሂሳብ ውስጥ ገባች። በቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) መሠረት ሁለቱም ሴንሰሮች አብረው ሲሠሩ 3.8 ሚሊአምፕ ይወስዳሉ። አክሰለሮሜትሩ ብቻውን ከሆነ 500 ማይክሮአምፕ ነው። ቺፑ ሲተኛ 5 ማይክሮአምፕ ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ 3.8ን በ8 ሰዓት ብናባዛ 30 ሚሊአምፕ-ሰዓት ገደማ ይመጣል። የልጁ ባትሪ 3000 ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም የበላው ከመቶ 1 እጅ ብቻ ነው።

ታዲያ ሲሶው የት ገባ? እሷ ራሷ ቀጠለች። 1000 ሚሊአምፕ-ሰዓትን ለ8 ሰዓት ብናካፍል በአማካይ 125 ሚሊአምፕ ይሆናል። ይህን ያህል ሊበላ የሚችለው ያልተኛ ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሴንሰሩ ስንት በላ ተብሎ ሳይሆን ፕሮሰሰሩን እንዳይተኛ ያደረገው ማን ነው ተብሎ ነው አለች። ስለ ባትሪ የሚከራከር ሰው ሁሉ ወሬ ከመጀመሩ በፊት ይህን ማባዛትና ማካፈል ቢሠራ ስንት ጊዜ ይቆጥብ ነበር!

ልጁ በ5ኛው መልስ አልተዋጠለትም። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥርና እውነተኛ ስልክ አንድ አይደሉም አለ። 6ኛው መልስ ሰጪ ከሁለቱም ጋር ሳይጣላ አንድ ሙከራ አቀረበ። ድራይቨሩን ከቺፑ አላቀህ ቺፑን እንደበራ ተወው፣ ከዚያ አንድ ሌሊት አሳድረው አለው። ባትሪው ካልቀነሰ ጥፋቱ የቺፑ ሳይሆን የድራይቨሩ ነው። ቀላልና ጥሩ ሙከራ ነው፤ ሴንሰሩን ከድራይቨሩ ይለያል።

7ኛው የልጁን ሕግ ከመሠረቱ ነካው። አንድሮይድ ሴንሰሮችን ለሁለት ይከፍላቸዋል። አንደኞቹ ፕሮሰሰሩን መቀስቀስ የሚችሉ ናቸው። ሁለተኞቹ አይቀሰቅሱም፤ ፕሮሰሰሩ እንዳይተኛ ማድረግም አይፈቀድላቸውም። ፕሮሰሰሩ ተኝቶ ሳለ የእነዚህኞቹ መረጃ ቺፑ ውስጥ ባለው ፊፎ በሚባል ትንሽ ማጠራቀሚያ ይጠራቀማል። ፊፎው ሲሞላ የቆየው መረጃ በአዲስ ይተካል፤ ይህ በደንቡ የተፈቀደ ነው። ቀስቃሾቹ ግን ሌላ ናቸው። ነገር ሲቀርበው የሚያውቀው ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር አለ፣ ስልኩ ከቦታው ጉልህ በሆነ እንቅስቃሴ መነሳቱን የሚናገረው ሴንሰርም አለ። በ2015 ከአንድሮይድ 6.0 ጋር የመጣው ዶዝ የሚባለው ባትሪ ቆጣቢ ስልኩ ከተቀመጠበት መነሳቱን የሚያውቀው በዚሁ በእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ነው። ይህን ሰስፔንድ ላይ የሚዘጋ ሰው ባትሪ ቆጣቢውን ራሱን ያደናግረዋል።

8ኛው መልስ ከመርካቶ ነው። ስልክ ጠጋኝ ነው የጻፈው። አንድ ደንበኛ ሰው ያበሰለው ሮም (ከአምራቹ ያልመጣ የስልክ ሶፍትዌር) የተጫነበት ስልክ አመጣለት። ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ይህ ትክክል ነው። ከጆሮው ሲያርቀው ግን ስክሪኑ እንደጠፋ ይቀራል። ጥሪውን መዝጋት አይችልም። ጠጋኙ መጀመሪያ የስክሪን መከላከያውን አነሳ። ቀጥሎ ሴንሰሩ ያለበትን ፍሌክስ የሚባለውን ስስ ገመድ ቀየረ። ምንም ለውጥ የለም። ኋላ የድሮውን ሶፍትዌር ሲመልስበት ዳነ። ሮሙን ያበሰለው ሰው የፕሮክሲሚቲውን ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት፣ ሰስፔንድ ላይ ዘግቶት ኖሯል። በጥሪ ጊዜ ድምፁን ሞደሙ ይዞት ዋናው ፕሮሰሰር ሊተኛ ይችላል። ታዲያ ተኝቶ ሳለ የሚቀሰቅሰው ከየት ይምጣ? የልጁ ሕግ በተግባር ሲውል ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም። ጠጋኙ ፍሌክሱን በከንቱ በመቀየሩ ደንበኛውን ገንዘብ አላስከፈለውም፤ ይህንንም ጽፎታል፤ ደስ አለኝ።

9ኛው ሰው ወደ መረጃ መለሳቸው። ከርነሉ ስለ ሰስፔንድ ሙከራዎች መዝገብ እንደሚይዝ ለልጁ ነገረው። ስንቴ ተሳካ፣ ስንቴ ከሸፈ፣ መጨረሻ እምቢ ያለው መሣሪያ የቱ ነው፣ በየትኛው ደረጃ ላይ፣ በምን የስህተት ቁጥር የሚለው ሁሉ አለበት። ልጁ 10ኛው ላይ ውጤቱን አመጣ። የተሳካው ዜሮ። የከሸፈው እየጨመረ የሚሄድ ትልቅ ቁጥር። መጨረሻ እምቢ ያለው መሣሪያ ያው ኤምፒዩ-6050። የስህተቱ ቁጥር 110። ደረጃው ኢንተራፕቶች ከተዘጉ በኋላ ያለው፣ ኖ-አይአርኪው የሚባለው። በዚያው ላይ የ6ኛውን ሙከራ አድርጎት ነበር። ድራይቨሩ ተላቆ ባደረበት ሌሊት ባትሪው እምብዛም አልነቃነቀም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰስፔንድ የጋራ ውሳኔ ነው። ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ በተራ ተኛ ይለዋል። አንዱ ስህተት ከመለሰ እስካሁን የተኙት ሁሉ ይነሳሉ፤ ሰስፔንዱ ይሰረዛል። ጥቂት ቆይቶ ሥርዓቱ እንደገና ይሞክራል። እንደገና ያው ድራይቨር እምቢ ይላል። ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ለመተኛት ሲሞክርና ሲነሳ ነው ያደረው። ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ ከውጭ የሚያስታውቅ ነገር የለም። ሬጅስተር 107 ጠዋት ነቅቶ የተገኘውም ለዚህ ነው፤ ቺፑን የሚያስተኛው ጽሑፍ (ሬጅስተሩ ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ) አንድም ቀን ደርሶት አያውቅም።

11ኛው 110 ማለት ጊዜ አልፎበታል ማለት መሆኑን አስረዳ። 12ኛው የሰስፔንድ ፈንክሽኑን፣ ሰስፔንድ ሲመጣ የሚጠራውን የኮድ ክፍል፣ አሳየን አለ። ልጁ አሳየ። በእርግጥም ቺፑን የሚያስተኛውን ጽሑፍ ኖ-አይአርኪው ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። የስልኩ አምራች ድራይቨር ውስጥ ግን ይህ ፈንክሽን አልነበረም፤ ኧርሊ ሰስፔንድ የሚባል ነገር ነበር። አዲሱ ከርነል ይህን ስለማያውቀው ልጁ አውጥቶ በራሱ ተክቶታል።

13ኛው መልስ የአንድ አንጋፋ ሰው ነው። ሁሉም አንቱ እያሉ ነው የሚያወሯቸው። ታሪኩን ከሥሩ ነገሩት። የድሮዎቹ የአንድሮይድ ከርነሎች ስክሪኑ እንደጠፋ ወዲያው ድራይቨሮችን የሚጠራ ኧርሊ ሰስፔንድ ነበራቸው። በዚያ ሰዓት ቺፖቹ የሚነጋገሩባቸው መስመሮች ሁሉ ነቅተዋል፣ ኢንተራፕቱም ይሠራል። ስለዚህ የአምራቾች ድራይቨር ቺፑን ያለ ችግር ያስተኛው ነበር። ዋናው የሊኑክስ ከርነል ግን ይህን አልተቀበለም። የጉግል ሰዎች በ2009 ፕሮሰሰሩ እንዳይተኛ የሚይዘውን ዌክሎክን ይዘው ሲመጡ ክርክሩ ጋለ። በ2010 በሰስፔንድ ብሎከር ስም ቢያቀርቡትም አልገባም። በዚያው ዓመት ከከርነሉ ሰዎች አንዱ የሆነው ራፋኤል ዋይሶኪ የቀስቃሽ ክስተቶችን የሚቆጥር ሌላ ሥርዓት አስገባ፤ ከርነል 2.6.36 ላይ ነው። ሥራ ሲጠፋ ሥርዓቱን በራሱ የሚያስተኛው አውቶስሊፕ ደግሞ በ2012 ከ3.5 ጋር መጣ። ስለዚህ የድሮ ድራይቨር ወደ አዲስ ከርነል ሲዛወር የሚጠራው ፈንክሽን ይጠፋበታል፤ ልጄ የገጠመህ ይኸው ነው አሉት።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። 14ኛው ጉግል ትክክል ነበር አለ። 15ኛው የከርነሉ ሰዎች ናቸው ትክክል አለ። 16ኛው አይፎን እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም ብሎ ገባ፤ ከርዕሱ ጋር ምን እንዳገናኘው አይታወቅም።

17ኛው ነገሩን አከረረው። ልጁ ሥራውን አያውቅም ብሎ የሰደበው ሰው ሌላ ሳይሆን ራሱ መሆኑን ነገረው። ፈንክሽን ከሌላ ቦታ ገልብጦ ደረጃውን ሳያነብ ለጥፎ የሰው ስም ማጥፋት ነውር ነው አለ። እውነት አለው፤ አነጋገሩ ግን የሚያስተምር አልነበረም። ልጁም 18ኛው ላይ መለሰለት። እስከዚያ ሁሉን እርስዎ ሲል የነበረው ልጅ ወደ አንተ ወረደ። አምራቹ ሰነድ ሳይሰጥ የጣለውን ኮድ በትርፍ ጊዜው የሚያነሳው እሱ መሆኑን፣ 17ኛው ግን አንድ መስመር ኮድ ሳያሳይ የሚፈርድ መሆኑን ነገረው። እንካ ስላንትያው ሊቀጥል ሲል 19ኛው ገባ። ሁለቱንም ወንድሞቼ ብሎ ጠርቶ፣ ጥያቄው ከ10ኛው መልስ ጀምሮ ግማሽ መንገድ ሄዷልና አትበትኑት አላቸው። ለልጁም ያቺን ዓረፍተ ነገር ከመክፈቻው እንዲያነሳት መከረው። አነሳት። 17ኛውም ዝም አለ፤ ኋላ ላይ ግን ይመለሳል።

20ኛው መልስ ቴክኒኩን በሚገባ ያስቀመጠ ነው። ሰስፔንድ በደረጃ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ዝግጅት፣ ቀጥሎ ዋናው ሰስፔንድ፣ ቀጥሎ ዘግይቶ የሚጠራው፣ መጨረሻ ላይ ኖ-አይአርኪው። በዚህ በመጨረሻው ደረጃ የመሣሪያዎች ኢንተራፕት ተዘግቷል። ሴንሰሩ ደግሞ የሚገኘው አይቱሲ በሚባል የመገናኛ መስመር ነው። የአይቱሲ ተቆጣጣሪው መልእክቱ መድረሱን የሚያውቀው በኢንተራፕት ነው። ኢንተራፕቱ ተዘግቶ ሳለ መልእክት ላከ። የመድረሱን ዜና ይጠብቃል። አይመጣም። ጊዜው ያልፍና 110 ይመልሳል። ድራይቨሩ ያንን ቁጥር እንዳለ ለከርነሉ ያስተላልፋል፤ ከርነሉም ሁሉን ያስነሳል። አለቀ። መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ዋናው የሰስፔንድ ደረጃ መመለስ ነው። እዚያ ሴንሰሩ የአይቱሲ ተቆጣጣሪው ልጅ ሆኖ ነው የተመዘገበው፤ ልጅ ደግሞ ከወላጁ በፊት ይተኛል። ስለዚህ መንገዱ ገና ክፍት ነው። ለቺፑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሬጉሌተር ግን ወላጅ አይደለም። ለእሱ ቅደም ተከተል ከርነል 4.10 ላይ የገቡት፣ መሣሪያዎችን በጥገኝነት የሚያያይዙት ዲቫይስ ሊንኮች ናቸው የሚረዱት።

ልጁ ለምን ወደ መጨረሻው ደረጃ እንደወሰደው በ21ኛው ላይ ተናገረ። ዋናው ደረጃ ላይ ሲያደርገው አልፎ አልፎ ከርነሉ ይወድቅበት ነበር። ቺፑን ሲያስተኛ ያን ጊዜውኑ ኢንተራፕት ይመጣል፤ የኢንተራፕቱ ክር (ኢንተራፕቱን ተቀብሎ የሚሠራው የኮድ ሂደት) ደግሞ ተኝቶ ካለ ቺፕ መረጃ ሊያነብ ይሄዳል። ኢንተራፕቱ ከተዘጋ በኋላ ቢሆን ይሻላል ብሎ ነው። አስተሳሰቡ ሞኝነት አይደለም። በሽታውን በትክክል አይቷል፤ መድኃኒቱን ነው የሳተው።

22ኛው መልስ የ17ኛው ሰው መመለሻ ነው። በዚህ ጊዜ ስድብ የለም፤ ኮድ ይዞ መጣ። መጀመሪያ የሴንሰሩን ኢንተራፕት ዝጋ። የመዝጊያው ፈንክሽን የተጀመረ ንባብ ካለ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ቺፑን አስተኛ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የኢንተራፕቱ ክር ሚዩቴክስ (አንድ በአንድ ብቻ የሚያሳልፍ ቁልፍ) የሚይዝ ከሆነ፣ አንተም ያንኑ ሚዩቴክስ ይዘህ ኢንተራፕቱን ለመዝጋት ከጠበቅህ፣ ሁለታችሁም አትላቀቁም። ክሩ ቁልፉን ይጠብቃል፤ አንተ ክሩን ትጠብቃለህ። ስልኩ ድርቅ ይላል። ስለዚህ ኢንተራፕቱን ከቁልፉ ውጭ ዝጋ አለው። ቀስቃሽ የሆነ ሴንሰር ከሆነ ደግሞ ኢንተራፕቱን በመዝጋት ፈንታ የመቀስቀስ ፈቃዱን ክፈትለት፤ ቺፑንም አታስተኛው፣ ዝቅተኛ ኃይል ላይ አድርገው። ኤምፒዩ-6050 ለምሳሌ አክሰለሮሜትሩን በሰከንድ 1.25 ጊዜ ብቻ እያነበበ በ10 ማይክሮአምፕ ሊያድር ይችላል። ልጁ አመሰገነው። እርስዎ ወደማለትም ተመለሰ።

23ኛው ስለ መብራት መጥፋት ጻፈ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ለአንድ ሌሊት ሲሶ ባትሪ ማጣት ቀልድ እንዳልሆነ፣ ቻርጅ ለማድረግ ጎረቤት የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ ነገረን። ከርዕሱ ወጣ ያለ ይመስላል፤ እኔ ግን ልክ ቦታው ነው እላለሁ። አሮጌ ስልክ የያዘው ሰው ነው ብዙውን ጊዜ መብራትም የሚያጥረው። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ይህን ሰው ማሰብ አለበት።

24ኛው አፕ ሠሪ ነው። ጥፋቱ ሁሉ በድራይቨር ላይ እንዳይላከክ አሳሰበ። አክሰለሮሜትሩን አስመዝግበው ሲወጡ የማያነሱ አፖች ሞልተዋል። በ2018 የመጣው አንድሮይድ 9 ከጀርባ ያሉ አፖች ከአክሰለሮሜትርና ከጋይሮስኮፕ በተከታታይ መረጃ እንዳይቀበሉ የከለከለው በከንቱ አይደለም።

በእኔ እምነት የክሩ ዋና መልስ 25ኛው ነው። የጻፈችው ያቺው 4ኛዋ ናት። እስካሁን ስለ ሰስፔንድ ተጨቃጨቃችሁ፣ ሰስፔንድ ግን ለሴንሰሩ መጨረሻው ዕድል እንጂ መጀመሪያው መሆን የለበትም አለች። ስክሪኑ በርቶ ሰውየው መልእክት ሲያነብ ጋይሮስኮፑን ማን ይፈልገዋል? ማንም። በዚያን ጊዜም መተኛት አለበት። ለዚህ የተሠራው ራንታይም ፒኤም ነው። ድራይቨሩ ተጠቃሚዎቹን ይቆጥራል። አንድ ሰው መረጃ ሲጠይቅ ቆጣሪው ይጨምርና ቺፑ ይነሳል። የመጨረሻው ሲሄድ ቆጣሪው ዜሮ ይሆናል። ጥቂት ይጠበቅና ቺፑ ይተኛል። አይአይኦ በሚባለው የከርነሉ የሴንሰር ክፍል ውስጥ ያሉ በርካታ የአክሰለሮሜትር ድራይቨሮች የሚጠብቁት 2 ሰከንድ ነው። እንዲህ ከሆነ ሰስፔንዱ ሲመጣ ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ተኝቶ ይገኛል፤ የሰስፔንድ ፈንክሽኑም የሚሠራው ሥራ እምብዛም አይኖርም። የማይሠራ ፈንክሽን ደግሞ አይከሽፍም።

ይህን ስታነቡ ልብ በሉልኝ። እስካሁን ሁሉም ሲከራከር የነበረው በሩ በየትኛው ደረጃ ይዘጋ በሚል ነበር። እሷ ግን ሴንሰሩ ሥራ ሲያጣ ወዲያው እንዲተኛ አደረገችው። ድራይቨር የምትጽፉ ልጆች ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህችን አንብቡ።

26ኛው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ቺፑን የሚያስነሳው የድሮ ፈንክሽን ቢከሽፍም ቆጣሪውን ይጨምራል። ድራይቨሩ ስህተቱን አይቶ ዝም ብሎ ከወጣ ቆጣሪው አንድ ትርፍ ይዞ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ዜሮ አይሆንም። ሴንሰሩ ስልኩ እስኪጠፋ ድረስ አይተኛም። በ2020 ከርነል 5.10 ላይ ሲከሽፍ ቆጣሪውን ራሱ የሚመልስ ፈንክሽን የገባው ለዚህ ነው። አዲስ ኮድ ስትጽፍ እሱን ተጠቀም አለ። 27ኛው ተቃወመ። ቶሎ ቶሎ ማስተኛትና ማስነሳት ነፃ አይደለም፤ የኤምፒዩ-6050 ጋይሮስኮፕ ከእንቅልፍ ለመነሳት 30 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል አለ። 4ኛዋ በአጭሩ መለሰችለት። 2 ሰከንዱ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

28ኛው ወደ ፊፎ ተመለሰ። 7ኛው መልስ ስለ ማጠራቀም ያለው ለዚህ ቺፕ ምን ያህል እንደሚሠራ አሰላ። ፊፎው 1024 ባይት ነው። አክሰለሮሜትሩ ለአንድ ንባብ 6 ባይት ይወስዳል፤ 170 ንባብ ይይዛል። በሰከንድ 50 ጊዜ ከተነበበ ከ3 ሰከንድ ተኩል በፊት ይሞላል። በሰከንድ 5 ጊዜ ከሆነ 34 ሰከንድ ይቆያል። ጋይሮስኮፑ ከተጨመረ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚህ ቺፕ የእርምጃ መረጃ አጠራቅሞ ፕሮሰሰሩን ለረጅም ጊዜ ማስተኛት አይቻልም። አንድሮይድ 4.4 በ2013 ሴንሰር ላይ ማጠራቀምንና የእርምጃ ቆጣሪን ሲያመጣ ሃርድዌሩ ራሱ እንዲችል የፈለገው ለዚህ ነው።

29ኛው ሌላ ችግር አነሳ። ከእንቅልፍ በኋላ የሚነበበው መረጃ የሰዓት ምልክቱ የተሳሳተ ነው። የእሱ የሩጫ አፕ እረፍት ያደረገበትን ጊዜ ይውጠው ነበር። ምክንያቱ ሞኖቶኒክ የሚባለው የከርነል ሰዓት ሰስፔንድ ላይ ይቆማል፤ ቡትታይም የሚባለው ግን ይቀጥላል። አንድሮይድ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። አንጋፋው ሰው በዚህ ላይ አንድ መስመር ጨመሩ። ከቀስቃሽ ሴንሰር ክስተት ሲመጣ ድራይቨሩ ለ200 ሚሊሰከንድ ዌክሎክ ይይዛል፤ ይህ ካልተያዘ ክስተቱ ለአፑ ሳይደርስ ፕሮሰሰሩ ተመልሶ ሊተኛ ይችላል አሉ። ይህ 30ኛው ነበር።

31ኛው ኮምፓሱ ወደ ሰሜን አላሳይ አለኝ የሚል ሰው ነው። ስልኩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አዙረው ተባለና ተሸኘ። በዚሁ መሃል ልጁ ውጤቱን መክፈቻው ላይ ጨምሮ ነበር። ጽሑፉን ወደ ዋናው ደረጃ መልሶ፣ ኢንተራፕቱን ከቁልፉ ውጭ ዘግቶ፣ ራንታይም ፒኤም ጨምሮ አሳደረው። የከሸፈው ቁጥር ቆመ፤ የተሳካው መጨመር ጀመረ። ጠዋት ባትሪው ማታ ከተወው ቦታ ብዙም አልራቀም።

32ኛው ልጁ ያላየውን አንድ ነገር አየለት። ከእንቅልፍ ሲነሳ ቺፑ መረጃ ይሰጣል፤ ግን ስክሪኑ ሲዞር ይዘገያል። ልጁ ሬጉሌተሩንም ስለሚዘጋው ሬጅስተሮቹ ሁሉ ወደ ፋብሪካ ዋጋቸው ይመለሳሉ። ኤምፒዩ-6050 ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሬጅስተር 107 ላይ 64 ይዞ፣ ማለትም ተኝቶ ነው የሚነሳው። ድራይቨሩ የእንቅልፍ ቢቱን ብቻ ያነሳል እንጂ የንባብ ፍጥነቱንና የመለኪያ ክልሉን አይመልስም። መፍትሔው ሬግማፕ የሚባለው የከርነል መሣሪያ የሬጅስተሮቹን ዋጋዎች እንዲያስታውስ ማድረግ፣ ሲዘጋ ቆሽሿል ብሎ ማስመዝገብ፣ ሲነሳ መልሶ እንዲጽፋቸው ማዘዝ ነው።

33ኛው መልስ የ17ኛው ሰው ነው። ልጁ ፓቹን (ያስተካከለውን ኮድ) ለከርነሉ ሰዎች ሊልክ ካሰበ ለሁለት እንዲከፍለው መከረው። የሰስፔንዱ ማስተካከያ ብቻውን አንድ፣ ራንታይም ፒኤሙ ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው ወደ ድሮ ከርነሎችም ሊወሰድ የሚገባው ጥገና ስለሆነ ከአዲስ ሥራ ጋር መቀላቀል የለበትም። የ26ኛው መልስ ያለው የቆጣሪ ጉዳይ ገና እንዳልተስተካከለም መስመሩን ጠቅሶ አሳየው። ከመላኩ በፊት እኔ ላንብበው ብሎም ጻፈለት።